ኤሊዋ ወጣች፣ እኔ ቀረሁ

እሺ... ድምፁ እየገባ ነው? ገብቷል። ዛሬ ስለ ጥምቀት ዝግጅት እናወራለን ብዬ ነበር፤ እሱ ይቆየን። ከጅቡቲ ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣ ብሏል። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ እስቲ እናንተ ስሙኝ።

ሙሻ ደሴት አጠገብ ነን፣ ውሃ ውስጥ። ስትወርዱ ጆሮ ድፍን ይላል፣ ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ እንደሚለው። ብቻ እዚህ 10 ሜትር ስትወርዱ ግፊቱ እጥፍ ነው። አፍንጫን ይዞ በቀስታ እፍ ማለት ነው። ትንፋሽ ግን በፍጹም አይያዝም፤ ከጀርባችን ጋን የምንስበው የታመቀ አየር ወደ ላይ ስትወጡ ይለጠጣል፣ ሳንባ ሊቀድ ይችላል። እኔ ደግሞ ስገረም ትንፋሼ ቀጥ የሚል ሰው ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ።

እና ኤሊዋ። አፏ ሹል፣ ወደ ታች ቆልመም ያለ። ድንጋዩ ላይ የበቀለውን ስፖንጅ እየገነጠለች ትበላለች። ስፖንጁ ለዓይኔ ግራጫ ነበር፤ መሪያችን ባትሪውን ሲያበራበት ቀይ ሆነ፣ ደማቅ ቀይ! ውሃ ቀዩን ብርሃን ቶሎ ይውጠዋል። ቀለሙ እዚያው አለ፣ የሚያሳየው ብርሃን ነው የሌለው። ይኼን ሳስብ ስንቱ ነገር... ተዉት፣ ወደ ኤሊዋ።

መብላቷን ተወች። ቀና አለች። አየችኝ... አየችኝ ልበል? የዓይኗ ዙሪያ ቆዳው ሽብሽብ ያለ ነው፣ ሽፋሽፍት የለውም። ከዚያ ወደ ላይ ሄደች። እሷም እንደ እኛ አየር ነው የምትስበው። ነጣ ያለው ሆዷ በላዬ አለፈ፣ አንገቷን ብቅ አደረገች፣ ተነፈሰች፣ ተመለሰች። እዚያው ስፖንጅ ላይ!

መሪያችን አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ፤ እንውጣ ማለቱ ነው። የጋኔን አየር የሚለካው ጌጅ ላይ 60 ባር ቀርቷል፤ ስንገባ 200 ነበር። እና እኔ... መውጣት አልፈለግኩም። ይኼ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ፍርሃት ቢሆን ይገባኝ ነበር። እማዬ ትዝ አላለችኝም። ልጄ ትዝ አላለኝም። ማንም። መውጣቱንስ ወጣሁ፤ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቆምን፣ ደም ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ እንዲወጣ። ኤሊዋ ሳትቆም ወጥታ ሳትቆም ወረደች፣ እኔ ገመድ ይዤ ቁልቁል አያታለሁ።

ደግሞ የምመለስባት ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ አይደለች? ናይትሮጅኑ ደግሞ ገና ሁሉም አልወጣም። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ሳያርፍ አውሮፕላን አይሳፈርም፤ ተራራ መውጣትም ያው ነው። ስለዚህ አደርኩ። እማዬ ደወለች። «አንቺ ልጅ፣ ሥራሽ ካለቀ እዚያ ሐሩር ውስጥ ምን ያስቀምጥሻል?» «ነገ እመጣለሁ እማዬ» አልኳት፣ ሌላ አልጨመርኩም። ቆላ ወርዶ የቀረ ወንድም ያላት ሴት ናት፤ ታሪኩን ነግሬያችኋለሁ።

ከኅዳር እስከ ጥር ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ ይመጣል፣ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ፤ ያን አክሎ ምግቡ ፕላንክተን ነው፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ፍጥረት። ጓደኞቼ እናስመዝግብሽ ወይ እያሉኝ ነው። እሺም እንቢም አላልኩም። ደስታ ከሆነ ምን ያስፈራኛል? ምናልባት እናት ስለሆንኩ... አይ፣ እሱም አይደለም። መጀመሪያ ለእማዬ ልንገራት ይሆን? እሷ ደግሞ አንዴ ከሰማች... እንጃ። ቆይ እስቲ፣ ሳምንት እንመለስበት።