ጉቦ በምን ይለካል?

እሱ፦ እሺ ጀመርን። ዛሬ ስለ ሙስና ልኬት ነው። አገሮችን በሙስና ነጥብ የሚያወዳድረው ኢንዴክስ በወጣ ቁጥር ሰው ስክሪንሾት አድርጎ ነጥባችን ወረደ፣ ነጥባችን ወጣ ሲል በጣም ነው የሚያናድደኝ።

እሷ፦ ምኑ ነው የሚያናድድህ?

እሱ፦ ያ ቁጥር እኮ ሙስናውን አይደለም የሚለካው! ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የሚባለው ፀረ ሙስና ድርጅት ከፈረንጆቹ 1995 ጀምሮ የሚያወጣው የኤክስፐርቶችና የቢዝነስ ሰዎችን ግምት ነው፤ 0 በጣም የቆሸሸ፣ 100 ንጹህ። ግምት ነው፣ በቃ።

እሷ፦ ታዲያ በምን ትለካዋለህ? ጉቦ የበላ ሰው ደረሰኝ አይቆርጥልህ።

እሱ፦ ሃሃ፣ እሱ ባይቆርጥም መንገዱ ይቆርጣል። ስሚኝማ፣ ቤንጃሚን ኦልከን የሚባል ኢኮኖሚስት አለ፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከ600 በላይ መንደሮች የሰሩትን መንገድ ኢንጂነሮች ልኮ አስቆፈረ፣ ስንት አሸዋ ስንት ጠጠር እንደገባ አስለካ፣ የአካባቢውን ዋጋ አጣራ፣ ከዛ መንደሩ ካቀረበው የወጪ ሪፖርት ጋር ሲያመሳክረው በአማካይ ሩብ የሚጠጋው ብር የለም።

እሷ፦ ጠጠሩን ዝናብ ወስዶትስ ቢሆን?

እሱ፦ እሱንም አስቦበታል ባክሽ! ማንም እንዳልሰረቀበት የሚያውቀው ትንሽ የሙከራ መንገድ አሰርቶ እንዲሁ የሚባክነውን ለካ።

እሷ፦ ነዋሪውን ብቻ ቢጠይቅ አይቀለውም ነበር?

እሱ፦ ጠይቋል እኮ፣ ግን ሰዉ ያለውና ጉድጓዱ ያሳየው የሚገናኙት በትንሹ ነው። ሰው ዋጋ ሲጋነን ቶሎ ይነቃል፣ ብዛት ላይ ግን፣ በይ 10 መኪና ጠጠር ተብሎ 7 ቢራገፍ ማን ቆሞ ይቆጥራል? አብዛኛው ስርቆትም እዛው ብዛቱ ላይ ነበር።

እሷ፦ እሺ መንገዱ ይቆፈራል፣ ዳኛ ግን ቆፍረህ አታይም። ዘመድ ሲሾም፣ ፋይል ሲጠፋ በምን ትለካዋለህ? እዛ ላይ ኤክስፐርት መጠየቅህ አይቀርም።

እሱ፦ ወይም ባለጉዳዩን፣ «ባለፉት 12 ወራት ጉቦ ከፍለሃል?» ብሎ። ግሎባል ኮራፕሽን ባሮሜትር የሚባለው የሕዝብ መጠይቅ እንደዛ ነው የሚጠይቀው፣ ለኔ ከግምት ይሻላል።

እሷ፦ ይሻላል፣ ግን የሚሰጠው አጥቶ ጉዳዩን ትቶ ቤቱ የገባው ሰውዬስ? «አልከፈልኩም» ነው የሚልህ፣ አልዋሸም። አንተ ደግሞ ንጹህ አገልግሎት ብለህ ትመዘግበዋለህ።

እሱ፦ …እሱን አላሰብኩትም።