የማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት እና የጓሯችን ተክል፦ ለድሬዳዋ ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አደራችሁ! ፀሐይዋ ሳትበረታ ማልዳችሁ ስለመጣችሁ ከልብ እናመሰግናለን።

ቤት ስትገቡ ውሃ የምታፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡን ተመልከቱልን። ግድግዳው ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። በጥፍር ቢፋቅ አይለቅም፤ አቼቶ ወይም ሎሚ ሲነካው ግን አረፋ እያወጣ ይሟሟል። ኖራ ነው። የከተማችን የከርሰ ምድር ውሃ በኖራ ድንጋይ መሐል አልፎ ስለሚመጣ ተሸክሞት ይመጣል። ይኸው ውሃ በየቀኑ ጓሯችን ላይ ይፈስሳል። ውሃው በሙቀቱ ይተናል፤ ኖራውና ሌላው ጨው ግን የትም አይሄድም፣ አፈሩ ላይና ሥሩ ዙሪያ ይቀራል። ዛሬ ብዙ ነገር እናነሳለን፤ ሁሉም ግን ዞሮ ዞሮ የሚመለሰው ውሃውን እንዴት እንደምናጠጣ ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቅርባችን ያለችው ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ታልፋለች። ስለ ጓሮ የምንሰማው ምክር አብዛኛው ለደጋ የተሰጠ ነው። «መደቡን ከፍ አድርጉ» ይባላል፤ ውሃ ለሚቋጥር የደጋ ጥቁር አፈር ትክክል ነው። እዚህ ግን ከፍ ያለ መደብ በአራቱም ጎኑ ነፋስና ፀሐይ እየመታው ወዲያው ይደርቃል። የእኛ መደብ ከመተላለፊያው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ዙሪያውን ትንሽ ግድብ ይኑረው። በሐምሌና በነሐሴ ጎርፍ የሚገባበት ግቢ ከሆነ አንዱን ጎን ከፍታችሁ ማስተንፈሻ ቦይ አውጡለት።

አሁን ወደ ማጠጣቱ እንምጣ። በብዙ ቤት የሚደረገው ማታ ማታ በጎማ ረጨት ረጨት ማድረግ ነው። አፈሩ ይጠቁራል፣ ዓይንም ይጠግባል። በጣታችሁ ጫር ብታደርጉት ግን ከሁለት ሳንቲ ሜትር በታች አቧራ ነው። ሥር ውሃ ወዳለበት ይሄዳል። ውሃው ላይ ላዩን ከቀረ ሥሩም ላይ ላዩን ይቀራል፤ በቀትር የሚግለው አፈር ያለው እዚያ ነው፣ ጨውም የሚጠራቀመው እዚያው ነው። በየቀኑ የሚጠጣ ተክል ጠውልጎ የምናየው ለዚህ ነው።

መጠኑን በጀሪካን እንናገር። በሞቃቶቹ ወራት በአትክልት የተሸፈነ አንድ ካሬ ሜትር መሬት በቀን ከ5 እስከ 7 ሊትር ውሃ ያጣል። ስለዚህ ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ በየሦስት ቀኑ ስጡ። ግማሹን አፍስሱ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቁ፣ የቀረውን ጨምሩ። በአንድ ጊዜ ከተደፋ ላዩን ይጠርገዋል እንጂ አይሰርግም። መድረሱን ለማወቅ ቀጭን ብረት አፈሩ ውስጥ ስደዱ፤ እርጥቡ ላይ እየተንሸራተተ ይገባል፣ ደረቁ ላይ ሲደርስ ይቆማል። 20 ሳንቲ ሜትር ከገባ በቂ ነው። አሸዋ የሚበዛበት አፈር ውሃ ቶሎ ስለሚያሳልፍ በየሁለት ቀኑ 15 ሊትር ይሻለዋል። ገና የፈላ ዘርና አዲስ የተዛወረ ችግኝ ግን ሥሩ አጭር ስለሆነ እስኪይዝ ድረስ በየቀኑ ቀላል ውሃ ይፈልጋል።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ቢሆን እንመርጣለን። ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የዋለ ጎማ ውስጥ የቀረው ውሃ እጅ የማያስይዝ ነው፤ የመጀመሪያውን ባልዲ ሳትሞሉና እስኪበርድ ሳታስቀምጡ በቀጥታ ወደ ተክል አታዙሩት።

ካጠጣችሁ በኋላ አፈሩን ራቁቱን አትተዉት። ለቡና ቄጤማ እንደምንጎዘጉዘው ሁሉ አፈሩም ጉዝጓዝ ይፈልጋል፦ ደረቅ ሣር፣ ገለባ ወይም የረገፈ ቅጠል፣ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ ከግንዱ አራት ጣት ያህል ራቅ ብሎ። ግንዱን ካቀፈው እርጥበት ያበሰብሰዋል። በከተማችን ገራባ፣ ማለትም ተቅሞ የተረፈ የጫት ቅጠልና ቅርንጫፍ፣ ሞልቷል፤ ለዛፍ ሥር ጥሩ ጉዝጓዝ ነው። ጫት ላይ መድኃኒት የሚረጭበት ጊዜ ስላለ ግን ለሰላጣና ለቆስጣ መደብ ባታደርጉት ይሻላል።

ጀሪካን ቆርጣችሁ ወይም ባልዲ ውስጥ የምትተክሉ ብዙ እንደሆናችሁ እናውቃለን። አንድ ቲማቲም ወይም አንድ ቃሪያ ቢያንስ 20 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ይፈልጋል። ታቹ ላይ አውራ ጣት የሚያስገቡ አምስት ስድስት ቀዳዳዎች ብሱ። አፈሩ ሁለት እጅ የጓሮ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የተብላላ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ደቻቱ ወንዝ ላይ የምታዩት ዓይነት ሻካራ አሸዋ ይሁን። ትኩስ የፍየል በጠጥ ወይም የዶሮ ኩስ ሥር ያቃጥላል፤ እርጥበት እያገኘ ሦስት ወር ያህል ይቆይ። ባልዲ ላይ «በየሦስት ቀኑ» የሚለው አይሠራም፣ በሙቀቱ ወራት በየቀኑ ነው። በየጊዜው ደግሞ ከታች እስኪወርድ አጠጡት፤ የሚወርደው ውሃ የከረመውን ጨው ይዞ ይወጣል። የባልዲው ጠርዝ ላይና የአፈሩ ገጽ ላይ ነጭ ነገር ካያችሁ ቅጠሉ ጫፍ ጫፉን መቃጠሉ አይቀርም። ያን ጊዜ የላዩን ሁለት ሳንቲ ሜትር አፈር ጠርጋችሁ ጣሉና በአዲስ ተኩ፤ ዝናብ ሲጥል ባልዲውን ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር አስቀምጡት።

የዝናብ ውሃ ኖራ የለበትም፣ ለተክል ከእርሱ የሚሻል አናውቅም። ሂሳቡም ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ይሰጣል። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 400 ሊትር፣ ማለትም ሁለት በርሜል ነው፤ ጥቂቱ ፈስሶ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አቧራው ይታጠብበት፣ ከዚያ በርሜሉን ደግኑ።

እዚህ ላይ ግን እንለምናችኋለን፦ በርሜሉ ክዳን ይኑረው። በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳት ወደ ከተማችን እንዴት እንደገባ፣ በ2014 ዓ.ም. ወባ በበጋ ወራት እንዴት እንደተነሳ ታስታውሳላችሁ። የደንጊዋም ትንኝ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው አዲሷ የወባ ትንኝም ሰው ባጠራቀመው ውሃ ውስጥ መራባት ይወዳሉ። በሙቀት ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር አንድ ሳምንት ከጥቂት ቀን ይበቃታል። የበርሜሉን አፍ በጥቅጥቅ ሻሽ ሸፍናችሁ በጎማ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ከአበባ ሥር የምታስቀምጡትን ሳህን በየአምስት ቀኑ ድፉና ውስጡን ፈትጉት፣ እንቁላሉ ግድግዳው ላይ ይጣበቃልና። ጓሮ ለማልማት ብለን ልጅ ማስታመም የለብንም።

ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ጥያቄ «ቅጠሉ ቢጫ ሆነ» የሚል ነው። የትኛው ቅጠል? ከታች ያለው አሮጌው ቅጠል ሙሉ በሙሉ ከገረጣ ናይትሮጂን አንሶታል፤ ኮምፖስት ጨምሩለት፣ ወይም 10 ግራም ዩሪያ በ10 ሊትር ውሃ አሟሙታችሁ እርጥብ አፈር ላይ ስጡት። ከላይ አዲስ የወጣው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ፣ በሎሚ፣ በብርቱካንና በጽጌረዳ ላይ እንደምታዩት፣ ችግሩ ሌላ ነው። ብረት አጥቷል። አፈሩ ውስጥ ብረት የለም ማለት አይደለም፤ ኖራው ስለያዘበት ሥሩ ሊወስደው አልቻለም። ለዚህ ተክል ዩሪያ ብትጨምሩበት ምንም አይለወጥም። የሚረዳው የዝናብ ውሃ፣ ብዙ የተብላላ ኮምፖስትና ሥሩ ውሃ ላይ እንዳይተኛ ማድረግ ነው። አመድ ደግሞ ፈጽሞ! አመድ የኮመጠጠ የደጋ አፈርን ይረዳል። የእኛ አፈር ኖራ ጠግቧል፤ አመድ ሲጨመርበት ብረቱ ይብሱን ይታሰራል።

ቲማቲም ላይ ትንሽ እንቆይ። ቲማቲም ቀን ከ32 ዲግሪ በላይ፣ ሌሊትም ከ21 በላይ ሲሆንበት የአበባው ዱቄት ይመክናል፣ አበባው ይረግፋል። በሚያዝያ፣ በግንቦትና በሰኔ አበባው እንደ ዝናብ ሲረግፍ መድኃኒት ፍለጋ ገበያ አትሂዱ፤ የሙቀት ነገር ነው። ዘሩን በመስከረም አጋማሽ አፍሉት፣ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ሲሞላው በጥቅምት አዛውሩት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ቅዝቃዜ ያብብ። በተክልና ተክል መካከል 50 ሳንቲ ሜትር፣ በረድፍ መካከል 80 ይሁን። ሲያድግ በእንጨት ደግፉት፤ ቅጠሉን ግን ብዙ አትመልምሉ፣ ፍሬው ያለ ጥላ ቀርቶ በፀሐይ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል።

ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ አበባው በነበረበት በታችኛው ጫፍ ውሃ የቋጠረ ነጥብ ብቅ ይላል፤ ውሎ ሲያድር ይሰፋል፣ ይጠቁራል፣ እንደ ቆዳ ይደርቃል። ሰው በሽታ ይመስለዋል፣ መድኃኒትም ይረጫል። ነገሩ ፍሬው ጫፍ ካልሲየም አለመድረሱ ነው። በኖራ ውሃ እያጠጣን ካልሲየም ጠፋ ሲባል ይገርማል! ካልሲየም ግን የሚጓዘው ከውሃ ጋር ነው፤ ብዙ ቀን ተረስቶ አንድ ቀን በጎርፍ የሚጠጣ ቲማቲም መንገዱ በየጊዜው ይቋረጥበታል። የጠቆረውን ፍሬ ቅጠፉ፣ ውሃውን በቀን ቁጥር አድርጉ፣ ጎዝጉዙለት፤ ከዚያ በኋላ የሚያፈራው ንጹሕ ይሆናል።

ሰላጣም ሙቀት አይወድም፤ አፈሩ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን ዘሩ ይተኛል። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከውሃው እንስራ አጠገብ አንድ ሁለት ቀን አስቀምጡትና ማታ ዝሩት። በሞቃቶቹ ወራት ባሚያ፣ ዱባ፣ በሶብላና ሞሪንጋ ትከሉ፤ እነዚህ ድሬን ይችሏታል። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ለቀሩት ቅጠላ ቅጠሎች ከቀትር በኋላ ያለውን ፀሐይ የሚከልል ጥላ ሥሩላቸው። ሰሌን ወይም ሳሳ ያለ ጨርቅ ይበቃል። ላስቲክና ሸራ አየር ስለሚዘጉ ከሥራቸው ያለው ይቀቀላል።

ስለ ተባይ አንዱን ብቻ እናንሳ፣ ሙቀትና አቧራ የሚወደውን ቀይ ሸረሪት። ቅጠሉ በመርፌ የተወጋጋ ይመስል በነጫጭ ነጥብ ይሞላል፣ ጀርባው ላይ ስስ ድር ይታያል። ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ በታች ይዛችሁ ቅጠሉን መታ መታ አድርጉት፤ የወደቀው አቧራ መሰል ነገር ከተንቀሳቀሰ እርሱ ነው። በጠዋት የቅጠሉን ጀርባ በውሃ ኃይል እጠቡ። ካልተወ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ማታ ጀርባውን ርጩ፣ በአምስት ቀን ድገሙት። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን ቅጠሉንም አፈሩንም ይጎዳል። መንገዳችን ዳር የሞላው ኒምም መድኃኒት ነው፦ 50 ግራም የደረቀ የኒም ፍሬ ወቅጣችሁ በአንድ ሊትር ውሃ አሳድሩ፣ በጨርቅ አጥልሉ፣ በማግስቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ርጩ። ማታ የሚረጨው ፀሐይ ኃይሉን ስለሚያጠፋው ነው፤ የተረፈውንም ለነገ አታስቀምጡት።

ሎሚና ማንጎ የምትተክሉ በሐምሌ ዝናብ መጀመሪያ ትከሉ። ጉድጓዱ ስፋቱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የላዩንና የታቹን አፈር ለይታችሁ አስቀምጡ፣ የላዩ ከኮምፖስት ጋር ተደባልቆ መጀመሪያ ይግባ። ችግኙ የተዳቀለበት፣ ግንዱ የተጋጠመበት ቦታ ከአፈር በላይ ይቅር። ዛፉ ሲያድግ ውሃውን ግንዱ ላይ አታፍስሱ። ግንዱን በአፈር ጉብታ ከበቡትና ቦዩን የቅርንጫፎቹ ጫፍ በሚያርፍበት ዙሪያ አውጡ። የሎሚ ዛፍ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ሙጫ ሲያፈስ ያያችሁ ካላችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ግንዱ ውሃ ላይ ቆሞ ስለሚከርም ነው።

አሁን ወደ ጥያቄ እንሂድ። ቅጠል ይዛችሁ የመጣችሁ ከላይ የተቆረጠውንና ከታች የተቆረጠውን ለያይታችሁ ያዙልን፤ በመጨረሻ ያጠጣችሁበትን ቀንና መጠኑንም ንገሩን።