አያዝም፣ አይቀጣም፣ መልስ ግን ይጠይቃል

[ምስል፦ የሐመርስሚዝ ድልድይ፣ ብረቱ በሚያብረቀርቅ ፎይል ተጠቅልሎ]

ይሄ የምታዩት የለንደኑ ሐመርስሚዝ ድልድይ ነው። ብረቱ ላይ የተጠቀለለው ነገር ኩሽና ውስጥ ምግብ የምንሸፍንበትን ፎይል ይመስላል። ከ130 ዓመት በላይ ያገለገለው ብረት በፀሐይ ግሎ እንዳይሰነጠቅ ተብሎ የተደረገ ነው። ጊዜው ጁላይ 2022። በዚህ ቪዲዮ ቀንም ዓመትም የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

በዚያ ወር በ19ኛው ቀን፣ ሊንከንሻየር ውስጥ ኮኒንግስቢ በምትባል ቦታ ሙቀቱ 40.3 ዲግሪ ደረሰ። ሰመራ ያደገ ሰው ይሄን ሲሰማ ሊስቅ ይችላል። እንግሊዝ ግን ቤቷንም፣ ሐዲዷንም፣ መንገዷንም የሠራችው ብርድን እያሰበች ነው። አንድ ቀን ቀደም ብሎ የሉተን አየር ማረፊያ ማኮብኮቢያ በሙቀት ተበላሽቶ በረራ ቆሟል። ባቡሮች ሐዲዱ ሊጣመም ይችላል ተብሎ ቀስ እያሉ እንዲሄዱ ታዘዋል። ከለንደን በስተምሥራቅ ዌኒንግተን መንደር ውስጥ እሳት ቤቶችን በላ። የከተማዋ እሳት አደጋ መከላከያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ እንዲህ ሥራ የበዛበት ቀን እንዳልነበረው ከንቲባው ሳዲቅ ካን ተናገሩ። በዚያ የበጋ ወቅት በነበሩት የሙቀት ቀናት፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ የእንግሊዝ ነዋሪዎች መካከል የሞቱት ሰዎች ቁጥር በወትሮው ከሚጠበቀው በ2,800 በለጠ።

ማን ያውቅ ነበር እንዳይባል፣ የሚያውቅ ነበር። ከዓመት በፊት፣ በ2021፣ አንድ ኮሚቴ ለመንግሥት ባቀረበው ሪፖርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብቻ የሚመጣውን ሙቀት የማይችሉ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አዳዲስ ቤቶች ተሠርተዋል ብሎ ጽፎ ነበር። አዳዲስ ቤቶች ሙቀት አምቀው ነዋሪውን እንዳያስጨንቁ የሚያስገድደው የግንባታ ደንብ እንግሊዝ ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው በጁን 2022 ነው። ከእሳቱ አንድ ወር በፊት ማለት ነው። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላል የኛ ሰው።

የዛሬው ወሬያችን ስለዚህ መካሪ ነው።

[ምስል፦ የዌስትሚኒስተር ፓርላማ ሕንፃ]

ስሙ የአየር ንብረት ለውጥ ኮሚቴ ይባላል። አባላቱ ሳይንቲስቶች፣ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት፣ በኃይልና በንግድ ሥራ ልምድ ያካበቱ ሰዎች ናቸው። በጀቱን የሚሰጠው መንግሥት ነው፤ አባላቱን የሚሾመውም መንግሥት። ሥራው ግን ያንኑ መንግሥት ቁጭ አድርጎ "ይሄ አልበቃም" ማለት ነው። ሕግ አያወጣም። ፋብሪካ አይዘጋም። ሚኒስትር አይከስም። አንዳንዶች ከእንግሊዝ ባንክ የወለድ መጠን ወሳኝ ኮሚቴ ጋር ያመሳስሉታል፤ ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው። የባንኩ ኮሚቴ ይወስናል፣ ይሄኛው ይመክራል።

ታዲያ ምክር ብቻ የሚሰጥ አካል ምን ይፈይዳል? ምክር ቤት፣ አማካሪ ቦርድ፣ ግብረ ኃይል የሚባል ነገር እኮ በየአገሩ ሞልቷል። ሪፖርት ያዘጋጃሉ፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሪፖርቱ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። የእንግሊዙ ለየት የሚለው በአባላቱ ብልህነት አይደለም። ያቋቋመው የ2008ቱ ሕግ መንግሥት ላይ ባሰራት አንዲት ትንሽ ገመድ ነው።

ገመዷ እንዲህ ናት። ኮሚቴው በየዓመቱ በጁን ማብቂያ አካባቢ "ቃል የገባችሁትን ምን ያህል ፈጸማችሁ" የሚል ሪፖርት ለፓርላማ ያቀርባል። መንግሥት ደግሞ እስከ ኦክቶበር 15 ድረስ በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት። ዝም ማለት አይፈቀድም። የልቀት፣ ማለትም ወደ አየር የሚለቀቀው ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ፣ ጣሪያ ሲወሰንም ኮሚቴው ቁጥሩን ያቀርባል፤ መንግሥት ሌላ ቁጥር መምረጥ ይችላል፣ ከመረጠ ግን ለምን እንደመረጠ በአደባባይ መጻፍ ይጠበቅበታል። ምክሩን መጣል ይቻላል። በስውር መጣል ግን አይቻልም።

የልቀት ጣሪያው የካርበን በጀት ይባላል። በገንዘብ ልምሰለው። አንድ ቤተሰብ "ዘንድሮ ይህን ያህል ነው የምናወጣው" ብሎ ቢወስን ሠርግ ወይም ሐዘን መጥቶ ዕቅዱን ያናጋዋል። ልቀትም እንደዚያው ነው፤ አንድ ክረምት ብርዱ ከጠና ሁሉም ማሞቂያውን ይከፍትና የዓመቱ ቁጥር ያሻቅባል። ስለዚህ በጀቱ የሚያዘው ለአምስት ዓመት ነው፤ የሚወሰነውም ከ12 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ የኃይል ማመንጫ የሚገነባውም፣ መኪና የሚያመርተውም ቀድሞ ይወቀው ተብሎ። የመጀመሪያው በጀት፣ ከ2008 እስከ 2012፣ 3,018 ሚሊዮን ቶን ነበር። ስድስተኛው፣ ከ2033 እስከ 2037፣ 965 ሚሊዮን ቶን ነው። ለሰባተኛው፣ ከ2038 እስከ 2042፣ ኮሚቴው በፌብሩዋሪ 2025 የመከረው 535 ሚሊዮን ቶን ነው። እንዲያውም የመጀመሪያዎቹ በጀቶች የዓለም አቀፍ በረራንና መርከብን አይቆጥሩም ነበር፣ ከስድስተኛው ወዲህ ያሉት ይቆጥራሉ። ቅነሳው ቁጥሩ ከሚያሳየው በላይ ከባድ ነው ማለት ነው።

ኮሚቴው ገና ከመወለዱ ነው ክብደቱን ያሳየው። በ2008 ረቂቁ ሕግ እስከ 2050 ልቀት ከ1990ው በ60 በመቶ ይቀንስ የሚል ነበር። የኮሚቴው የመጀመሪያ ሰብሳቢ ሎርድ አዴር ተርነር፣ ሕጉ ሳይጸድቅ፣ ኦክቶበር ላይ ደብዳቤ ጻፉ፦ 60 አይበቃም፣ 80 ይሁን። በዚያው ወር ሚኒስትሩ ኤድ ሚሊባንድ ተቀበሉ። ሕጉ በፓርላማ ሲያልፍ የተቃወሙት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ2019 ደግሞ ኮሚቴው በሜይ "ኔት ዜሮ" ሲል መከረ፤ የሚለቀቀውና ከአየር ተመልሶ የሚወሰደው እኩል ይሁን ማለት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ቴሬሳ ሜይ ሥልጣን ሊለቁ ሳምንታት ሲቀራቸው፣ በጁን፣ ሕግ ሆነ።

[ምስል፦ የራትክሊፍ ኃይል ማመንጫ ማማዎች]

ውጤቱስ? የአገሪቱ ልቀት ከ1990 ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ወርዷል። በ2012 ከኤሌክትሪኩ 40 በመቶ ገደማ የሚመጣው ከድንጋይ ከሰል ነበር። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 የመጨረሻው የከሰል ማመንጫ፣ ራትክሊፍ ኦን ሶር፣ ተዘጋ። በከሰል መብራት ማመንጨት የተጀመረው እዚያው ለንደን፣ ሆልቦርን፣ በ1882 እንደነበር ስታስቡት የ142 ዓመት ታሪክ ነው የተዘጋው።

ይሄን ሁሉ ኮሚቴው አደረገው ብላችሁ ግን እንዳትወጡ። በካርበን ላይ የተጣለው ግብር፣ የነፋስ ኃይል መርከስ፣ የአውሮፓ ኅብረት የአየር ብክለት ደንቦች፣ ሁሉም እጃቸው አለበት። የኮሚቴው ድርሻ ሌላ ነው፦ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲቀያየር ቁጥሩ አብሮ እንዳይቀየር መያዝ።

አሁን ወደ ስኮትላንድ እንሻገር። ይሄን ታሪክ ሳልነግራችሁ ብዘጋ ጥፋት ነው።

ስኮትላንድ የራሷ ፓርላማ፣ የራሷም የአየር ንብረት ሕግ አላት፤ ምክር የምትጠይቀው ግን ይህንኑ ኮሚቴ ነው። በ2019 ኮሚቴው እስከ 2030 ልቀታችሁን በ70 በመቶ ቀንሱ ሲል መከረ። የኤዲንብራ ፖለቲከኞች ከመካሪው በልጠው ለመታየት 75 አሉ። ማን ሊቃወም? ለጆሮ የሚጥም ቁጥር ነው። ከዚያ ዓመቶቹ መጡ። የየዓመቱ ዒላማ ከ12 ጊዜ ስምንቱን ተሳተ። በማርች 2024 ኮሚቴው የ2030ው ግብ ከእንግዲህ የሚታመን አይደለም ብሎ ጻፈ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። ትእዛዝ የለባትም፣ ቅጣት የለባትም። ግን ከዚያ በኋላ ማንም ሚኒስትር ቆሞ "በመንገዳችን ላይ ነን" ማለት አልቻለም። በኤፕሪል 18 መንግሥቱ ግቡን እንደሚተው አስታወቀ። በመንግሥቱ ውስጥ አብረውት ይሠሩ የነበሩት የአረንጓዴ ፓርቲ ሰዎች ተቆጡ። ሌላም የቆየ ቅራኔ በመካከላቸው ነበር፣ ሁሉንም በዚህ ማሳበብ አይገባም። ኤፕሪል 25 የስኮትላንድ መንግሥት መሪ ሁምዛ ዩሳፍ ከአረንጓዴዎቹ ጋር የነበራቸውን የትብብር ስምምነት አፈረሱ፤ ኤፕሪል 29 በራሳቸው ላይ የመተማመኛ ድምፅ ሲመጣባቸው ከሥልጣን እንደሚለቁ አሳወቁ። ከሪፖርቱ እስከዚያ ድረስ ስድስት ሳምንት አልሞላም።

ለኔ የዚህ ታሪክ ቁም ነገሩ የፖለቲከኛው መውደቅ አይደለም። ከምክር በላይ የተጋነነ ቃል ከምክር በታች ከሆነ ቃል ያልተናነሰ ውሸት እንደሆነ ማሳየቱ ነው። ኮሚቴው 70 ሲል ሰንፎ አልነበረም፣ ሒሳብ ሠርቶ ነበር።

[ምስል፦ የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት]

እስካሁን ያወራሁት ልቀትን ስለመቀነስ ነው። ሁለተኛው የኮሚቴው ሥራ መላመድ ነው፦ መምጣቱ ለማይቀረው ሙቀት፣ ጎርፍና ድርቅ አገሪቱን ማዘጋጀት። በሕጉ መሠረት በየአምስት ዓመቱ የአደጋ ግምገማ ይወጣል፣ ከዚያ መንግሥት የመላመድ ዕቅድ ያዘጋጃል። በወረቀት ላይ ሁለቱም እኩል ይመስላሉ። ሁለት የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብታዩ ግን እኩል እንዳልሆኑ ይገባችኋል።

የመጀመሪያው የተሰጠው ጁላይ 18 ቀን 2022 ነው። አዎ፣ የሉተን ማኮብኮቢያ በተበላሸበት በዚያው ቀን። የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች መንግሥትን ከሰው ነበር፦ የኔት ዜሮ ዕቅዱ ስድስተኛውን በጀት እንዴት እንደሚያሟላ አያሳይም ብለው። ፍርድ ቤቱ ተቀበላቸው፣ ዕቅዱ ሕግ ጥሷል አለ። በ2024 የተሻሻለው ዕቅድም እንደገና በፍርድ ቤት ወደቀ።

ሁለተኛው በኦክቶበር 2024 ነው። ክሱ የመላመድ ዕቅዱ ደካማ ነው የሚል ነበር፤ ከከሳሾቹ አንዱ ባሕር የቤቱን መሬት ሸርሽሮ ቤት አልባ ያደረገው ሰው ነው። ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገው።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ቁጥር። በልቀቱ በኩል ዳኛ ፊት የሚቀርብ 965 ሚሊዮን ቶን አለ፤ ወይ ይሟላል ወይ አይሟላም። በመላመድ በኩል ሕጉ ዓላማ አስቀምጡ ይላል እንጂ ስንት ቤት፣ ስንት ሆስፒታል፣ እስከ መቼ አይልም። ስለዚህ ኮሚቴው ደጋግሞ ይጮኻል፣ መንግሥትም ደጋግሞ በትሕትና ይመልሳል። በ2023 የመላመድ ንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢ ባሮነስ ብራውን ያለፉትን አሥር ዓመታት የባከኑ ናቸው ብለው ነበር። ያችው ገመድ አለች፣ የምታስረው ነገር ግን የለም።

ወደ ኮሚቴው ድክመቶችም ልምጣ፤ አሉት። አባላቱን የሚሾመው የሚመከረው አካል ነው። ሎርድ ዴበን፣ ማለትም የቀድሞው የወግ አጥባቂዎች ሚኒስትር ጆን ገመር፣ ሰብሳቢነቱን በ2023 ሲለቁ ቋሚ ተተኪ እስከ 2025 አልተሾመም፤ ያን ሁሉ ጊዜ ፕሮፌሰር ፒርስ ፎርስተር በጊዜያዊነት መሩት። ሆን ተብሎ ነው አልልም። መካሪን ለማዳከም ግን መሟገት አያስፈልግም፣ ወንበሩን ክፍት መተው ይበቃል። (በነገራችን ላይ እኚሁ ገመር በ1990 የግብርና ሚኒስትር ሳሉ፣ ሰው የእብድ ላም በሽታን በፈራበት ጊዜ፣ የበሬ ሥጋ አያሠጋም ብለው በካሜራ ፊት ለትንሽ ልጃቸው በርገር ያቀረቡ ሰው ናቸው። የመንግሥትን ቃል አምናችሁ ብሉ ካሉ በኋላ፣ መንግሥትን የማያምን ኮሚቴ ለ11 ዓመት መሩ።)

ሌላው ወቀሳ ያልተመረጡ ሰዎች አገር ይመራሉ የሚለው ነው። ይሄ አያሳምነኝም፤ የካርበን በጀቱን የሚያጸድቀው የተመረጠው ፓርላማ ነው። ወጪውን በተመለከተ ግን ጥያቄው ተገቢ ነው። ኮሚቴው ወደ ኔት ዜሮ የሚወስደው መንገድ በአማካይ በዓመት ከአገራዊ ምርት 0.2 በመቶ ገደማ ይፈጃል ይላል። ለአገር ትንሽ ነው፤ ጋዝ ማሞቂያውን በሂት ፓምፕ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማሞቂያ፣ ለሚቀይረው ቤተሰብ ግን አማካይ ቁጥር ሒሳብ አይከፍልለትም። ኮሚቴው ራሱ በ2025 ሪፖርቱ መጀመሪያ የጠየቀው ኤሌክትሪክ እንዲረክስ ነው። እንግሊዝ የምትኖሩ ወገኖች ቢል ሲመጣላችሁ ይሄ ምክር ለምን እንደተሰጠ ታውቁታላችሁ።

በኦክቶበር 2025 መጀመሪያ የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ኬሚ ባደኖክ፣ ፓርቲያቸው ሥልጣን ከያዘ የ2008ቱን ሕግ እንደሚሽር አስታወቁ። ኔት ዜሮን ሕግ ያደረጉት የዚያው ፓርቲ ሰው ቴሬሳ ሜይ ተቃወሟቸው። ሕጉ ከተሻረ የኦክቶበር 15 መልስም አብሮ ይቀራል።

[ምስል፦ ባዶ ወረቀት ላይ የሚታተም ደብዳቤ]

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 15 ቀን፣ ኮሚቴው ለመንግሥት ደብዳቤ ጻፈ። እስከ 2050 ድረስ ቢያንስ ለ2 ዲግሪ የዓለም ሙቀት ጭማሪ ተዘጋጁ ይላል። ከዚያ ቀጥሎ የጠየቀው፣ መላመድም እንደ ልቀቱ ግልጽ ግብ፣ በየአምስት ዓመቱ የሚለካ ዒላማ፣ ተጠያቂ የሚሆንም መሥሪያ ቤት ይኑረው የሚል ነው።