አምልጠው ተራራ ወጡ፣ ተመልሰው እስር ቤት ገቡ

(ምስል፦ ናንዩኪ፣ ኬንያ። የእሾህ ሽቦ አጥር፤ ከጀርባው ጉም የሸፈነው ሰማይ።)

ምርኮኛ ካመለጠ ወደ አገሩ ነው የሚሮጠው። እነዚህ ሦስት ሰዎች ግን ከምርኮኛ ሰፈር አምልጠው ተራራ ወጡ። ከዚያም በገዛ እግራቸው ተመልሰው እጃቸውን ሰጡ። ለምን?

ታሪኩ የሚጀምረው እኛው አገር ነው። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ስትሸነፍ፣ እንግሊዞች የማረኳቸውን ጣሊያኖች በብዙ ሺህ ወደ ኬንያ አጋዟቸው። አምባላጌ ላይ እጁን የሰጠው የአኦስታው መስፍን ራሱ በ1934 ናይሮቢ ውስጥ በምርኮ እንዳለ ሞቷል። አዲስ አበባ በቅኝ አስተዳደሩ ይሠራ የነበረው ፌሊቼ ቤኑዚም ከምርኮኞቹ አንዱ ነበር። በወረራ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ይህን ረስቼ አይደለም የማወራው። ምርኮ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ግን ከእነሱ ታሪክ በደንብ ይታያል።

የተፈረደበት እስረኛ ቀን ይቆጥራል። አምስት ዓመት ከሆነ አራት ቀረኝ፣ ሦስት ቀረኝ ይላል። ምርኮኛ ምን ይቆጥራል? ጦርነቱ መቼ እንደሚያልቅ የሚነግረው የለም። ቤኑዚን የጎዳው ይህ ባዶ ጊዜ ነው።

(ምስል፦ ጉሙ ሲገለጥ፣ በረዶ የለበሰው የኬንያ ተራራ።)

አንድ ማለዳ ጉሙ ተከፈተና 5,199 ሜትር የሚረዝመው ተራራ ፊቱ ቆመ። አገር ቤት መድረስ የማይታሰብ ነበር፤ በጦርነቱ ውስጥ ያልገባው የቅርቡ ምድር፣ የፖርቱጋሎቹ ሞዛምቢክ፣ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ተራራው ግን እዚያው ነው።

ዝግጅቱ ወራት ፈጀ። ከየዕለት ራሽናቸው እየቆነጠሩ ስንቅ አጠራቀሙ። ገመዱ ከአልጋ የተፈታ ቃጫ ነው። በረዶ መቆፈሪያው መዶሻ ነበር። ጫማ ሥር የሚታሰረው የብረት ጥርስ የተሠራው ከተጣለ መኪና ቆርቆሮና ከእሾህ ሽቦ ነው። ካርታ ስለሌላቸው፣ በአንድ የታሸገ ምግብ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈውን የተራራውን ሥዕል ይዘው ሄዱ። እስቲ አስቡት፤ በዚያች ወረቀት ተማምኖ በረዶ ላይ መውጣት!

ጥር 16 ቀን 1935 ቤኑዚ፣ ሐኪሙ ጆቫኒ ባሌቶና ቪንቼንሶ ባርሶቲ አምልጠው ጫካውን ተያያዙት። ባርሶቲ ታሞ ከታች ቀረ። ሁለቱ ዋናውን ጫፍ ሞክረው በረዶና ድካም መለሳቸው። በኋላ ግን ሌናና የሚባለውን 4,985 ሜትር ጫፍ ወጥተው የአገራቸውን ባንዲራ ተከሉ። ስንቁ እያለቀ፣ ረሃብ እየጠበሳቸው ወረዱ።

በ18ኛው ቀን ሰፈሩ ደረሱ። ለየብቻቸው 28 ቀን እንዲታሰሩ ተፈረደባቸው፤ የሰፈሩ አዛዥ ጀብዱውን አድንቆ ወደ 7 ቀን ዝቅ አደረገላቸው። ያችን 7 ቀን እንኳ መቁጠር ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን እንደገና ሽቦው ውስጥ፤ ቤኑዚ አገሩ የገባው በ1938 ዓ.ም. ነው።