የሴንት ሉዊስ አሮጌ ፍርድ ቤትና ሃሪየት ስኮት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ስላለ አንድ ሕንፃ ላወራችሁ ነው። አሜሪካ፣ ሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ያለው የድሮው የካውንቲ ፍርድ ቤት።

ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። ቦታው በ1816 ለፍርድ ቤት ተሰጠ። አሁን የሚታየው ሕንፃ ግንባታ በ1839 ተጀመረ። ትልቁ የብረት ጉልላት ያለቀው በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ነው።

እኔን የያዘኝ ደረጃው ነው። አንድ ባለሀብት ሲሞት ወይም ዕዳ ሲበዛበት ንብረቱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እዚያ ደረጃ ላይ ይሸጥ ነበር። ከሚሸጠው ውስጥ ሰዎችም ነበሩ። ባሪያ የተባሉ ሌሎች ሰዎች ደግሞ እዚሁ ፍርድ ቤት «በሕግ አምላክ፣ ነፃ ነን» ብለው ይከሱ ነበር። የከተማዋ መዝገብ እንዲህ ያሉ ከ300 በላይ ክሶች አሉት።

ድሬድ ስኮትና ሚስቱ ሃሪየት በ1846 ከሰሱ። ባርነት በተከለከለበት ምድር ኖረናል፣ ስለዚህ ነፃ ነን አሉ። በ1847 ተረቱ። ዋና የምስክር ቃል የሰሚ ሰሚ ነው ተባለ። በ1850 ግን ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጦ የሚፈርደው ቡድን፣ ፈረደላቸው። ነጭ ወንዶች ብቻ የተቀመጡበት ጁሪ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። በ1852 የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻረው። በ1857 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 7 ለ 2 ፈረደባቸው፤ ጥቁር ሰው ዜጋ ሊሆን አይችልም አለ።

ታሪኩ ሲነሳ የሚጠራው ድሬድ ነው። ሃሪየት ግን የራሷን ክስ ነበር ያቀረበችው። በሕጉ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይወርሳል። እናት ባሪያ ከሆነች ልጆቿም ባሪያ ናቸው። ኤላይዛና ሊዚ የሚባሉ ሁለት ሴት ልጆች ነበሯት። ስለዚህ የልጆቹ ነፃነት የተንጠለጠለው በእሷ ክስ ላይ ነበር። ይህ በደንብ ቢነገር ደስ ይለኛል።

ክሱ የታየበትን ችሎት ዛሬ ማየት አይቻልም። በ1855 አዳራሹ ተከፍሎ በመሃሉ ኮሪደር ወጣ።

በግንቦት 1857፣ ፍርዱ በተሰማ በሦስተኛው ወር ገደማ፣ ድሬድን በፊት በባርነት ይዞ ከነበረው ቤተሰብ የተወለደ ሰው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነፃ አወጣቸው። ድሬድ በዓመቱ ሞተ። ሃሪየት እስከ 1876 ኖራለች፤ ባርነት በሕገ መንግሥት ሲሻርም በሕይወት ነበረች።