በወረቀት ያልሰፈረ ቅድ

[ምስል፦ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ቢላ በቁርበት ላይ ሲንሸራተት]

ይህ ቢላ ኡሉ ይባላል። በአርክቲክ የሚኖሩ የኢኑዊት ሴቶች ቁርበት የሚፍቁትም፣ ልብስ የሚቀድዱትም በእርሱ ነው። ቁርበቱን በሥጋው በኩል ስለሚሰነጥቀው ጠጉሩ ሳይቆረጥ ይቀራል። ሰፊዋ ከፊቷ የተነደፈ ወረቀት የላትም። የለባሹን ትከሻ በዓይኗ ትለካለች፤ በስንዝሯና በጣቶቿ ታረጋግጣለች። ቅዱ ያለው እርሷው ዘንድ ነው።

ለምን እንዲህ ተጠነቀቁ? ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስበት አገር በደንብ ያልተሰፋ ልብስ አዳኙን ሊገድለው ስለሚችል ነው። ዋናው ቁርበት የካሪቡ፣ ማለትም የሰሜን አጋዘን ነው። የእያንዳንዱ ጠጉር ውስጥ በአየር የተሞላ በመሆኑ ሙቀት አያሳልፍም። ልብሱ ድርብ ነው፤ የውስጡ ጠጉሩን ወደ ገላ፣ የላይኛው ደግሞ ወደ ውጭ ያደርጋል።

[ምስል፦ የጫማ ስፌት በቅርበት]

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ይህ ካሚክ ነው፤ ከአቆስጣ፣ በበረዷማው ባሕር ከሚኖረው እንስሳ ቁርበት የተሠራ ጫማ። ውሃ አያስገባም፤ ምስጢሩም ስፌቱ ነው። መርፌዋ ከሁለቱ ቁርበቶች አንዱን ዘልቃ አትበሳውም፤ ግማሽ ውፍረቱ ድረስ ገብታ ትመለሳለች። ከዚያ ስፌቱ ታጥፎ በሌላው በኩል ይደገማል። ስለዚህ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያሻግር ቀዳዳ አይኖርም። ክሩ ከካሪቡ ጀርባ የወጣ ጅማት ነው፤ ደርቆ በጣት ይሰነጠቃል። ውሃ ሲነካው ያብጥና የመርፌዋን ቀዳዳ ይደፍናል። ይህን ያሰበችውን የመጀመሪያዋን ሴት ባውቃት ስሟን ደጋግሜ እጠራው ነበር።

አማውቲ የሚባለው የእናቶች ካፖርት ደግሞ የእኛን አንቀልባ ያስታውሳል። ልዩነቱ፣ ሕፃኑ የሚታዘለው ከልብሱ ውስጥ መሆኑ ነው። ትከሻው ሰፊ ስለሆነ እናትየው ብርድ ሳታስነካው ወደ ፊት አዙራ ታጠባዋለች። ቅዱን ያየ አዋቂ ሴትየዋ ከየትኛው አካባቢ እንደመጣች ይለያል።

ይህ እውቀት ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው አጠገብ ለአጠገብ በመቀመጥ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን በካናዳ ቤተሰቦች ከአደን ሰፈሮቻቸው ወደ ቋሚ መንደር ገቡ፤ ብዙ ልጆችም ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተወሰዱ። ጅማት መሰንጠቅ የምትማርበትን ረጅሙን የብርድ ወራት ልጅቷ ከእናቷ ርቃ አሳለፈችው። በ1983 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአውሮፓ አገሮች የአቆስጣ ግልገል ቁርበት እንዳይገባ ከለከሉ። ክልከላው የኢኑዊትን አደን አይመለከትም ነበር፤ ሆኖም ገበያው አብሮ ወደቀባቸው።

[ምስል፦ የግሪንላንድ ቋጥኝ]

ልብሶቹስ? በ1972 በግሪንላንድ፣ ቂላኪትሶቅ በተባለ ስፍራ፣ ወንድማማች አዳኞች በቋጥኝ ሥር የስድስት ሴቶችና የሁለት ሕፃናት አስከሬን አገኙ። ወደ 500 ዓመት ገደማ ቆይተዋል፤ ብርዱና ደረቁ አየር ጠብቋቸዋል። አብረዋቸው የተገኙት 78 ልብሶች ከአቆስጣና ከካሪቡ ቁርበት፣ ከወፍ ቆዳም ጭምር የተሰፉ ናቸው። የወፍ ቆዳው ላባው ወደ ገላ ሆኖ ከውስጥ ይለበስ ነበር።

በኮፐንሃገን የሚገኘው የዴንማርክ ብሔራዊ ሙዚየም ያሉትን የቁርበት ልብሶች ፎቶግራፍ አንስቶ፣ የበርካታዎቹን ቅድ ለክቶ በኢንተርኔት አውጥቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከ1921 እስከ 1924 በተደረገው አምስተኛው የቱሌ ጉዞ፣ ማለትም ዴንማርካውያን በአርክቲክ ባካሄዱት የጥናት ጉዞ፣ የተሰበሰቡ ናቸው። ሥራው ትልቅ ነው፤ በሰሜን ካናዳ ባለው የኢኑዊት ግዛት፣ በኑናቩት፣ የምትኖር አንዲት ሰፊ ውቅያኖስ ሳትሻገር የአያቶቿን ቅድ ማየት ትችላለች። ነገር ግን ቁርበቱ ምን ያህል መልፋት እንዳለበት፣ ጅማቱም ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት ኮምፒውተር አያስተምርም። ያን የሚያውቀው እጅ ነው።

[ምስል፦ ጓንት ያጠለቁ እጆች የልብስ ገበር ሲገልጡ]

ስለዚህ ልብሱና እጁ መገናኘት አለባቸው። በ2009 ኢኑቪያሉዊት የሚባሉት የሰሜን ምዕራብ ካናዳ ኢኑዊቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ወጣቶችና ሰፊዎች፣ በአሜሪካ ወደሚገኘው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተጓዙ። እዚያ የጠበቃቸው በ1860ዎቹ አንድ የፀጉር ቁርበት ነጋዴ ከአባቶቻቸው የሰበሰበው ዕቃ ነበር። ሰፊዎቹ ልብሶቹን አገላብጠው ስፌታቸውን መረመሩ፤ ቅዳቸውን በወረቀት ነድፈው ወደ አገራቸው ይዘውት ተመለሱ።