«አስብበት» እና «አታካብደው»፦ «ኦቨርቲንክ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ስለማስተማርና ስለመተርጎም

የተከበራችሁ የእንግሊዝኛ መምህራንና ተርጓሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን አንዲት ግስ ናት። የከተማው ወጣት «ባክህ ኦቨርቲንክ አታድርግ» ይላል። ግሷን ተበድሮ፣ «ማድረግ»ን ለጥፎባት፣ የራሱ አድርጓታል። ይህ ቅር የሚያሰኝ አይደለም፤ «ቼክ ማድረግ»ም የገባው በዚሁ በር ነው። ጣጣው የሚመጣው ክፍል ውስጥ «ትርጉሙ ብዙ ማሰብ ነው» ብለን ስናልፍ ነው።

ብዙ ያሰበ ሁሉ ኦቨርቲንክ አላደረገም። ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ ወር ሙሉ ቢያስብ ሥራው ነው። ጓደኛው «እሺ» ብሎ በአንድ ቃል ስለመለሰለት «ተቀይሞኝ ይሆን?» እያለ ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ የሚያነጋው ሰው ግን ግሷ ለእሱ ተሰፍታለች። ሚዛኑ ሰዓት አይደለም። ማሰቡ ከሚጠቅምበት ነጥብ አልፎ ጉዳዩን ማወሳሰብ ወይም ሰውየውን ማድከም ሲጀምር ነው ግሷ የምትጠራው። ስለዚህ በውስጧ ሁልጊዜ ፍርድ አለ፦ ተናጋሪው «ይህን ያህል አያስፈልግም ነበር» እያለ ነው።

ፍርዱን የተሸከመችው ከፊት ያለችው «ኦቨር» ናት። «ኦቨርኩክ» ምግቡን ከልክ በላይ ማብሰል፣ «ኦቨርስሊፕ» እንቅልፍ ጥሎ ሰዓት ማሳለፍ፣ «ኦቨርቻርጅ» ከዋጋው በላይ ማስከፈል ነው። ተማሪው ይህን ሕግ አድርጎ ከያዘው ግን ይሳሳታል። «ኦቨርሉክ» አጥብቆ ማየት ሳይሆን ሳያስተውሉ ማለፍ ነው፤ «ኦቨርሂር» ደግሞ ለኛ ያልተባለ ወሬ ጆሯችን ጥልቅ ሲል።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ሁለቱ ቃላት ቦታ ሲቀያየሩ ነው። አለቃ ለሠራተኛው አዲስ የሥራ መደብ አቅርቦ «ቲንክ ኢት ኦቨር» ቢለው፣ ረጋ ብለህ አስብበት፣ ጊዜ ውሰድ ማለቱ ነው። «ዶንት ኦቨርቲንክ ኢት» ቢለው ግን አታካብደው፣ ቶሎ ወስን ማለት ነው። በጥድፊያ የሚተረጉም ሰው ሁለቱንም «አስብበት» በሚለው ዙሪያ ያሽከረክራቸዋል፤ ሠራተኛው ሳምንት ይጠብቃል፣ አለቃው መልስ የሚፈልገው ለነገ ነው።

ሰዋስዉ አጭር ነው። ኃላፊ ጊዜው «ኦቨርቶት» ነው፤ «ኦቨርቲንክድ» የሚባል ነገር የለም። ሲነበብ ድምፁ የሚጠነክረው «ቲንክ» ላይ ነው። «ቲ» ብለን የምንጽፈው ድምፅ ምላስ በጥርስ መካከል ገባ ብላ የምታወጣው ስለሆነ በፊደላችን በልኩ አይጻፍም፤ ተማሪው ወደ «ስ» ከሳበው «ሲንክ» ይሆንበታል፣ ያ ደግሞ መስመጥ ነው።

ከዚያ ተሳቢው። ግሷ ተሳቢዋን በቀጥታ ትወስዳለች፦ «ኦቨርቲንክ ኢት»። የኛ ተማሪ «አባውት» ይጨምርባታል፤ ምክንያቱም በአማርኛ «ስለ ነገሩ» ነው የሚያስበው። በአፍ ወሬ «አባውት» ሲባል ይሰማል፣ አልክድም፤ በፈተናና በመደበኛ ጽሑፍ ግን ይቅር። «ዩ ኦቨርቲንክ ቱ መች»ም እንዲሁ ድግግሞሽ ነው፤ ትርፉ ግሷ ውስጥ አስቀድሞ ገብቷልና።

የጊዜ ቅርጿን ግን በጥንቃቄ ማስተማር ይገባል። «ዩ አር ኦቨርቲንኪንግ ኢት» አሁን፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ማለት ነው፤ ለስለስ ያለ ነው። «ዩ ኦቨርቲንክ ኤቭሪቲንግ» ግን «አንተ እኮ ሁሌም እንዲህ ነህ» የሚል የጠባይ ክስ ነው። «ኦቨርቲንከር» ካሉት ደግሞ ስም ወጣለት። በሌላ በኩል የሥራ ደብዳቤ ላይ «አይ ሜይ ቢ ኦቨርቲንኪንግ ዚስ፣ በት…» የሚል ብታዩ ጸሐፊው ጥፋቱን እየተናዘዘ አይደለም። ስጋቱን በትህትና እየጠቀለለ ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው ከ«በት» በኋላ ነው። «ምናልባት አካብጄው ይሆናል፣ ግን…» ቢባል ልኩ ይመጣል።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበላት? እንግሊዝኛ ትርፉን በቅድመ ቅጥያ ሲናገር፣ እኛ ሁለት መንገድ አለን። አንዱ «አበዛ»ን መጨመር ነው፦ «ሐሳብ አበዛሽ»። ሁለተኛው ፊደል መደጋገም ነው፦ «ተብሰለሰለ»። ቃሉ ራሱ ድስት ላይ የተረሳ ነገር ይመስላል። «ማሰላሰል»ም ፊደል ይደግማል፣ ግን ክብር ያለው ቃል ነውና ለዚች ግስ አይሆንም። የፊልም የግርጌ ጽሑፍ ላይ ቦታ ሲጠብ «ከመጠን በላይ አታስብበት» ከሚል ሦስት ቃል «አታካብደው» ይበልጣል፤ ቃናውም የሰፈር ነው። ገጸ ባሕሪዋ ሌሊቱን ሳትተኛ ካነጋች ግን «አታካብጂው» ልብ የለሽ ይሆናል፣ «አትብሰልሰዪ» ይሻላል።

በጤና ጽሑፍ ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ። «ኦቨርቲንክ» የዕለት ንግግር ቃል ናት፣ የበሽታ ስም አይደለችም። ባለሙያዎች የሚጠቀሙት «ሩሚኔሽን» ሲሆን ሥሩ የላቲን ነው፤ ትርጉሙም ላም እንደምታመሰኳ፣ የዋጡትን መልሶ ማኘክ ማለት ነው። ሱዛን ኖለን ሆክሴማ የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት ጥናት፣ ይህ ማመስኳት የድባቴን ጊዜ እንደሚያራዝም አስረድተዋል። ባብዛኛው ያለፈውን እያነሱ መጣል ሲሆን ሩሚኔሽን፣ ገና ያልመጣውን መፍራት ሲሆን ደግሞ «ወሪ» ይባላል። ሁለቱን በአንድ «ጭንቀት» ጠቅልሎ መተርጎም አንባቢውን ያሳስታል።

አንድ የአህጉራችን ምሳሌ ልጨምር። የዚምባብዌ ሾና ተናጋሪዎች «ኩፉንጊሲሳ» ይላሉ። «ፉንጋ» ማሰብ ነው፤ «ኢሲሳ» የምትለው መድረሻ ድርጊቱን ታጠብቀዋለች። ትርፉን እንግሊዝኛ ከፊት፣ ሾና ከኋላ አስቀመጡት። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ የባሕላዊ ስቃይ ስሞች ዝርዝር ውስጥ ቃሉን እንዳለ፣ በሾናው ስሙ አስገብቶታል።

ፊታችሁ ባለው ወረቀት ላይ አምስት ዓረፍተ ነገሮች አሉ። ሁለቱ «ቲንክ ኦቨር» ናቸው፣ ሦስቱ «ኦቨርቲንክ»። ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ሆናችሁ አሥር ደቂቃ ሥሩባቸው፤ ከዚያ ሦስተኛው ላይ እንከራከራለን።